ልትከስረው የማትችለውን መርከብ አታብርር

መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት ጎረቤታችን አንድ ቅዳሜ ማታ ከዒሻእ ሰላት በኋላ በራችንን አንኳኩ። ገብተው ገና ሳይቀመጡ፣ «ልጄን ምን እንደነካብኝ አላውቅም፤ ሁለት ቀን ሙሉ እህል በወጉ አልቀመሰም። ሲጠይቁት ‹ገንዘቤን ወሰዱብኝ› ይላል። የምን ገንዘብ ሲባል ደግሞ ‹የጠፈር› ይላል። ወላሂ ግራ ገባኝ» አሉን። ልጃቸው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ጨዋ፣ አንባቢ፣ በሰፈሩ መድረሳም ታናናሾቹን የሚያስቀራ። ኮምፒዩተር ላይ የሚያመሽበትን ነገር እናቱ «ጌም» ከማለት በቀር ስም አያውቁለትም። «እርስዎ የሚጽፉ ሰው ነዎት፤ እስቲ ገብተው ይዩልኝ። መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ይበሉኝና ገመዱን ልንቀለው» ሲሉ ለመኑን።

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ከዚህ ቀደም የተናገርነው ሁሉ ከውጭ ሆነን ያየነውን ነው። ልጆች ስክሪን ላይ አፍጥጠው ሲውሉ አይተናል፤ ጊዜ ይበላል ብለናል፤ በዚሁ አልፈናል። አንድም ቀን ግን አጠገባቸው ቁጭ ብለን «ይህ ምንድን ነው? ያኛውስ?» ብለን አልጠየቅንም። እናትየው የፈለጉብን ምስክርነት ነበር፤ ያላዩትን መመስከር ደግሞ አይቻልም። እናም ገባንበት። ሁለት ወር ለሚሆን ጊዜ በሳምንት ሦስት አራት ምሽት ከልጁ ጎን ተቀምጠን፣ እርሱ አስተማሪ እኛ ተማሪ ሆነን ቆየን። ያየነውን እነሆ።

ለመሆኑ ጨዋታው ምንድን ነው?

ስሙ «ኢቭ ኦንላይን» ይባላል። የሠራው እ.ኤ.አ. በ1997 በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ የተቋቋመው ሲሲፒ የተሰኘው ድርጅት ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው ሜይ 6 ቀን 2003 ነው። አብዛኞቹ ጨዋታዎች በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ አርጅተው ሲረሱ ይህኛው ከሃያ ዓመት በላይ ዘልቋል። ተጫዋቹ የጠፈር መርከብ ነጂ ይሆናል። የሚንቀሳቀስበት ሰማይ «ኒው ኤደን» የሚባል ሲሆን ከ7 ሺህ በላይ ሥርዓተ ፀሐዮች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታለፈው በአብዛኛው በመሸጋገሪያ በር ነው።

ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር ሁሉም ሰው አንድ ሰማይ ውስጥ መገናኘቱ ነው። ሌሎች ጨዋታዎች ተጫዋቾቻቸውን ከፋፍለው መንትያ በሆኑ ብዙ ዓለማት ውስጥ ያስገቧቸዋል። ኢቭ ግን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለብቻው ከተከፈተው የቻይና ሰርቨር በስተቀር የዓለሙን ሁሉ ተጫዋች ለንደን በሚገኝ አንድ ሰርቨር ላይ ያገናኛል። ይህ ሰርቨር በየቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለጥገና ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋል። ሩሲያዊው፣ ብራዚላዊውና የእኛ ሰፈር ልጅ እኩል ይባረራሉ፤ ከዚያ እኩል ይመለሳሉ።

የምትገዛውን መርከብ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሠራው ሌላ ሰው ነው። ብረቱን የቆፈረው ሌላ ነው፤ ያጓጓዘው ደግሞ ሌላ። ዋጋውን የሚወስነው ፈላጊና አቅራቢ ነው። ገንዘቡ «ኢስክ» ይባላል፤ የአይስላንድ ብር በባንክ ቤት ከሚጠራበት ሦስት ፊደል ጋር አንድ ነው፤ አይስላንዶቹ እየቀለዱ መሆናቸው ነው። ገበያው እየሰፋ ሲሄድ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ዶክተር ኤይዮልፉር ጉድሙንድሶን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር ቀጥሮ የዋጋውን ንረትና የገንዘቡን ዝውውር የሚያጠና ዘገባ ያወጣ ጀመር። እኚህ ሰው ኋላ በአገራቸው የአኩሬይሪ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆነዋል። ኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2012 ኢቭን በስብስቡ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ «የልጆች ጨዋታ» ብሎ ማለፍ የሚያዋጣ አይመስለንም።

አሸናፊ የሚባል ነገር የለውም። መጨረሻም የለውም። ማዕድን ቆፋሪ፣ ነጋዴ፣ ጭነት አመላላሽ፣ አሳሽ፣ ወታደር፣ ወይም ወንበዴ መሆን ይቻላል፤ ምን ልሁን የሚለውን መልስ ግን ጨዋታው አይሰጥም። ጀማሪውን አስቀድሞ የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው።

ዝርዝሩን ይዩ፣ ከዋክብቱን ይተዉ

በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ አንድ የካርቱን ሥዕል አለ። የልዩ ልዩ ጨዋታዎችን የመማር ችግር በመስመር ያሳያል። የሌሎቹ መስመር እንደ ኮረብታ ቀስ እያለ ሲወጣ የኢቭ ግን እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይቆምና ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ከገደሉ ሥር የተፈጠፈጡ ሰዎች ተከምረዋል። ልጁ ሲያሳየን ስቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን እኛም ከክምሩ መካከል ነበርን።

መጀመሪያ ስንገባ ዓይናችን የሄደው ወደ ውበቱ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ ደመና፣ ፕላኔት፣ እንደ ዓሣ ነባሪ የሚንሳፈፉ መርከቦች። ልጁ ግን፣ «ጋሼ፣ ከዋክብቱን ይተዉ፤ ዝርዝሩን ይዩ» አለን። ዝርዝር ያለው በስክሪኑ ቀኝ በኩል የሚቀመጠውን «ኦቨርቪው» የሚባል ሰንጠረዥ ነው። በዙሪያህ ያለው ነገር ስሙ፣ ርቀቱ፣ ፍጥነቱ እዚያ ይጻፋል። ተጫዋቾች ራሳቸው ኢቭን «ጠፈር ላይ የተከፈተ የሂሳብ መዝገብ» እያሉ ይቀልዱበታል። በግራ በኩል ደግሞ በዚያ ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ ስም የሚታይበት ዝርዝር አለ። የሚያስተውል ሰው መርከብ ሳያይ ስም አይቶ ይሸሻል፤ እኛ ስም አይተን ስሙን ማንበብ ስንጀምር መርከባችን ይመታ ነበር።

ሙያ የሚገኘው በጊዜ ነው። እያንዳንዱ ሙያ አምስት ደረጃ አለው። ከቀላሎቹ አንዱን ለመጀመሪያው ደረጃ ለማብቃት 250 ነጥብ ሲበቃ፣ እስከ አምስተኛው ለማድረስ በድምሩ 256 ሺህ ነጥብ ያስፈልጋል። ነጥቡ የሚጠራቀመው ግን በሰዓቱ ቆጠራ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ልጁ ተኝቶም፣ ትምህርት ቤት ውሎም ይቆጥራል። ሌሊቱን ሙሉ ያፈጠጠ ልጅ በዚህ በኩል ከተኛው አይበልጥም። ይህን ስንሰማ ለወላጆች ደስ የሚል ዜና ነው ብለን ማስታወሻችን ላይ ጻፍን። ይሁንና ደስታችንን የሚያደበዝዝ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ነጥብ ያጠራቀመ ሰው ለሌላው መሸጥ ይችላል፤ ገንዘብ ያለው ወረፋውን ይዘላል። በዚያው ዓመት ነው በነፃ መጫወትም የተፈቀደው። ነፃው ተጫዋች በግማሽ ፍጥነት ይማራል፤ 5 ሚሊዮን ነጥብ ላይም ይቆማል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ወርሐዊ ክፍያ አለ፤ ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 19 ዶላር ከ99 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ከዶላሩ ሌላ መንገድ ቢኖር በጨዋታው ውስጥ ብዙ ኢስክ ሠርቶ ዶላር የከፈለ ሌላ ሰው የሚሸጠውን «ፕሌክስ» የሚባል ኩፖን መግዛት ነው። ልጁ ሲያልም የነበረው ይህንኑ ነበር።

እኛ የጀመርነው በማዕድን ቁፋሮ ነው። «ቬንቸር» የምትባል ትንሽ መርከብ አለች፤ ከድንጋዮቹ አጠገብ አቁመህ መሰርሰሪያውን ትከፍታለህ፤ ከዚያ ትጠብቃለህ። በአንድ እጅ ሻይ፣ በሌላው ጋዜጣ ይዞ የሚሠራ ሥራ ነው። ለእኛ ዕድሜ የተመቸ ነበር።

ሰማዩ በደኅንነት ተከፋፍሏል። ከ1.0 እስከ 0.5 ያለው ክፍል ኮንኮርድ የሚባል ፖሊስ ያለበት ነው። ከ0.4 በታች ይህ ፖሊስ የለም። ከ0.0 ወዲያ ደግሞ ግዛቱ የተጫዋቾቹ የራሳቸው ነው፤ ጦር ሰብስበው፣ ኅብረት መሥርተው ይዋጉበታል። ጀማሪ «0.5 ላይ ነኝ፤ ፖሊስ አለኝ» ብሎ ይተማመናል። እኛም ተማመንን።

ዩዳማ

በአንድ ወር ውስጥ 40 ሚሊዮን ኢስክ ያህል አጠራቀምን። ለነባር ተጫዋች የኪስ ገንዘብ ናት፤ ለእኛ ግን የአንድ ወር ሻይና ጋዜጣ ነበረች። ዘገምተኛ የጭነት መርከብ ገዛንና ባለን ገንዘብ ሁሉ ዶዲክሲ ከሚባለው ገበያ ዕቃ ሰብስበን፣ ጂታ ወደሚባለው ትልቁ ገበያ ልንወስድ ጉዞ ጀመርን። ጂታ ማለት የዚያ ዓለም መርካቶ ነው፤ የማይገኝ ዕቃ፣ የማይገኝ ሌባም የለም።

መንገዱ አጋማሽ ላይ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ኢቭ «ቁም» የሚባልበት ቁልፍ የለውም፤ አንተ ብትነሳ ሌላው ሺህ ሰው አይነሳልህም። ልጁ ወዲያው፣ «ጋሼ፣ ቅርብ ጣቢያ ይግቡና ይዝጉት» ብሎ ለውዱእ ተነሳ። እኛ ደግሞ ሽማግሌ ነንና ብልሃት አናጣም፤ መርከቡ በራሱ እንዲነዳ «አውቶፓይለት»ን ከፈትንና ተከተልነው። ሰላቱን ሰገድን ማለት ይከብደናል። ሩኩዕ ላይ ሆነን በሮቹን ስንቆጥር ነበር።

ስንመለስ መርከቡ የለም። ዩዳማ በሚባል፣ የደኅንነቱ ቁጥር 0.5 በሆነ ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ሁለት ትንንሽ መርከቦች አፈራርሰውታል። አውቶፓይለት መርከቡን ከበሩ ራቅ አድርጎ ያወርደውና እየተጎተተ ወደ በሩ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ አድፋጮች የሚጠብቁትም እንዲህ ያለውን ነው። ፖሊሱስ? ፖሊሱ መጥቷል፤ ሁለቱንም አጥቂዎች ደምስሷል። ግን የመጣው እኛ ከጠፋን በኋላ ነው። ኮንኮርድ ይቀጣል እንጂ አይጠብቅም። የአጥቂዎቹ መርከብ ርካሽ ነው፤ ጭነታችን ውስጥ ሳይቃጠል የተረፈውን ሦስተኛ ጓደኛቸው ለቅሞ ሄዷል፤ ሂሳባቸውን አስቀድመው ሠርተውታል።

በዚያው ምሽት ካጠቁን ሰዎች አንዱ መልእክት ላከልን። ስድብ ጠብቀን ነበር። ሰውየው ግን፣ ጭነት ይዞ በአውቶፓይለት መሄድ እንደማይገባ፣ ሀብትን ሁሉ አንድ መርከብ ላይ መጫን እንደማይገባ በትሕትና ካስረዳ በኋላ፣ ተጫዋቾች ሁሉ ለጀማሪ የሚነግሩትን የቆየ ምክር ጨመረበት፤ ልትከስረው የማትችለውን መርከብ አታብርር። 5 ሚሊዮን ኢስክም አያይዞ ልኮልናል። ይህን ሰው ምን እንበለው? ዘረፈን፤ ከዚያ መምህራችን ሆነ። እስከ ዛሬ አልለየልንም።

እናትየው ገበያውን ሲያዩ

ታሪኩን ለልጁ እናት ስንነግራቸው መጀመሪያ ሳቁብን። ቀጥለው ግን ወንበር ስበው ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ልጁ የጂታን የዋጋ ሰንጠረዥ ከፍቶ ነበር፤ በላይ የሻጮች ዋጋ፣ በታች የገዢዎች ዋጋ፣ መካከሉ ክፍት። እንግሊዝኛውን ባያነቡም ቁጥሩን ለማንበብ ጊዜ አልወሰደባቸውም። «ይኼኛው ለምን በዚህ ዋጋ ይሸጣል? የመጓጓዣውን ቆጥሯል?» አሉ። ልጁ አልቆጠረውም ነበር። «ይኼን ያህል ዕቃ አንዴ ካወጣህ ዋጋውን ራስህ ታወርደዋለህ። ጥቂት ጥቂት አውጣ» አሉት። ደግሞ ወደ እኛ ዞረው፣ «እኔ ከሞያሌ ዕቃ ሳስመጣ መቼ ነው ሁሉን በአንድ መኪና ጭኜ የማውቀው?» ብለው ገሰጹን።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2014 ቢ-አር በሚባል ሥፍራ ስለተነሳው ጦርነት ልጁ ሲነግራቸውም የገባቸው ከእኛ ቀድሞ ነው። አንድ ኅብረት የያዘውን ግዛት ኪራይ በወቅቱ መክፈል ነበረበት፤ ክፍያው ሳይፈጸም ቀረ፤ ግዛቱ ባለቤት አልባ ሲሆን ጠላት ዘሎ ገባ። ውጊያው 21 ሰዓት ያህል ቆየ፤ ከ7 ሺህ 500 በላይ ሰዎች ተካፈሉበት። ሰርቨሩ ጫናውን እንዲችል የጨዋታው ሰዓት እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ እንዲዘገይ ተደርጎ ነበር። «ታይታን» የሚባሉ ግዙፍ መርከቦች 75 ወደሙ፤ የጠፋው ንብረት በእውነተኛ ገንዘብ ሲታሰብ ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ተገምቷል። እናትየው ሰምተው ሲያበቁ፣ «የኪራይ ቀን ረስቶ ሱቁን ያጣ ስንት ሰው አውቃለሁ» ብቻ አሉ።

ሕጉ ይፈቅዳል እኮ

አሁን ወደ ልጁ ሕመም እንመለስ። ጂታ ውስጥ መልእክት መለዋወጫው ላይ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ጩኸት አለ፤ «የላክልኝን አጥፌ እመልሳለሁ!» የሚል። ልጁ 1 ሚሊዮን ላከ፤ 2 ሚሊዮን ተመለሰለት። 5 ላከ፤ 10 መጣለት። ከዚያ ያለውን ሁሉ፣ አራት ወር የለፋበትን 300 ሚሊዮን ላከ። ሰውየው ዝም አለ።

ልጁ ለድርጅቱ አቤት ማለት አይችልም። የጨዋታው ደንብ በጨዋታው ውስጥ ማታለልን አይከለክልም። ይህ በድብቅ የሚደረግ ሳይሆን ኢቭ የሚታወቅበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ቡድን ተከፍሎት ሰዎቹን ወደ ሌላ ማኅበር አስርጎ አስገባ። ከአንድ ዓመት በላይ አብረው ሠሩ፣ ሹመት አገኙ፣ ታመኑ፤ በተቀጠረው ቀን ግን የማኅበሩን መጋዘን ባዶ አድርገው መሪዋን ገደሏት። የተወሰደው ንብረት በጊዜው 16 ሺህ 500 ዶላር ያህል ያወጣል ተብሎ ተገምቷል። ማንም አልተቀጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ተጫዋቾች ያቋቋሙት ኢባንክ የተባለ ባንክ ኃላፊ የአስቀማጮችን 200 ቢሊዮን ኢስክ ወስዶ በእውነተኛ ገንዘብ ሸጠው፤ ለቤት ቅድሚያ ክፍያና ለልጁ ሕክምና እንደሆነ ተናግሯል። ይህ ሰው ከጨዋታው ተባረረ። የተባረረበት ጥፋት ግን ስርቆቱ አይደለም፤ የጨዋታውን ገንዘብ ከጨዋታው ውጭ መሸጡ ነው።

ዕጣም አለ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ተጫዋቾች ያቋቋሟቸውን የቁማር ድረ ገጾች ከለከለ። በ2019 ደግሞ ራሱ «ሃይፐርኔት» የሚባል፣ ብዙዎች ትኬት ገዝተው አንዱ ብቻ ዕቃውን የሚወስድበት ገበያ ከፈተ። ሌሎችን የከለከለበትን አፍ ወዲያው ረሳው ማለት ነው። ይህን ለማንም የሙስሊም ልጅ ማብራራት አያስፈልግም፤ ልጁም አልነካውም።

እኛን ያስደነገጠን ሌላ ነው። ከሳምንት በኋላ ቤታቸው ስንሄድ ልጁ ምግቡን እየበላ፣ ፊቱም ፈክቶ አገኘነው። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የጻፈውን አነበብን፤ «የላክልኝን አጥፌ እመልሳለሁ» ይላል። ገና አልለቀቀውም፤ ጣቱ ግን ቁልፉ ላይ ነበር።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልነው።

«ጋሼ፣ ሕጉ ይፈቅዳል እኮ። ጨዋታ ነው። እኔም የተማርኩት እንደዚሁ ነው።»

መልስ አጣን። ብንዋሽ እናፍራለን፤ እውነትም መልስ አጣን። ኳስ ተጫዋችም በቀኝ አስመስሎ በግራ ያልፋል፤ ማንም አታላይ አይለውም። ዩዳማ ላይ ያጠቁን ሰዎችም አድፍጠው ነበር፤ በእነርሱ ያን ያህል አልተቀየምንም። ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ለልጁ «ቆይ፣ ዛሬ አትልቀቀው» ብቻ ብለነው ወጣን።

በማግስቱ የምናከብራቸውን አንድ ኡስታዝ አማከርን። ጨዋታውን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ በትዕግሥት ሰሙን። ፈትዋ አልሰጡንም። «ገንዘቡ የጨዋታ ነው ብላችሁኛል። ቃሉስ? ‹እመልሳለሁ› ያለው የመርከቡ አፍ ነው ወይስ የልጁ?» ብለው ጠየቁንና ደርሳቸው ደርሶ ስለነበር ተነሱ።

ይህንኑ ለልጁ ወሰድንለት። ወዲያው አልተቀበለም። «አድፍጦ መምታትስ?» አለ። አድፍጦ የመታህ ሰው ምንም ቃል አልሰጠህም፤ አንተም በር ስታልፍ ሊመታህ የሚችል ሰው እንዳለ አውቀህ ነው፤ ያኛው ግን እመነኝ ብሎህ ነው አልነው። «የሚያምን ሞኝ ነው» አለ። «አንተ ሁለት ቀን እህል ያልበላኸው ሞኝ ስለሆንክ ነው?» ያሉት እናቱ ናቸው፤ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበር። ዝም አለ። ከዚያ የጻፈውን አጠፋው ወይስ አስቀመጠው አላየንም፤ መስኮቱን ብቻ ዘጋው።

አብሮ መብረር

እናትየው ገመዱን አልነቀሉትም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ደንብ ወጣ። የትምህርት ቤት ሥራ ሳያልቅ አይከፈትም፤ ከዒሻእ በኋላም አይቀጥልም። እውነተኛ ገንዘብ፣ አንድ ሳንቲምም ቢሆን፣ አይገባበትም። ትልቅ ግዢና ሽያጭ ሲኖር እናት አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ይህንን ደንብ ግን ሳናውቀው አልቀረንም፣ ያወጡት ለልጁ ብቻ ብለው አይደለም፤ ገበያውን ወደውታል።

ልጁ ብቻውን መብረሩም ቆመ። ይህን ለሚያነቡ ወጣቶች ከሁሉ ይጠቅማል ብለን የምንገምተው ምክር ይህ ነው፤ ኢቭን ብቻውን የሚማር ሰው ገደሉ ሥር ይቀራል። በጨዋታው ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ «ኢቭ ዩኒቨርሲቲ» የሚባል፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ያቋቋሙት የማስተማሪያ ማኅበር አለ። ጀማሪን ይቀበላል፣ በየዘርፉ ትምህርት ይሰጣል፣ ያዘጋጀውን ሰፊ የጽሑፍ መመሪያም አባል ላልሆነ ሁሉ ክፍት አድርጓል። ማታለል በሚፈቀድበት ዓለም ውስጥ ያለ ዋጋ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ያህል ዓመት መቆየታቸው ለእኛ ከታይታኖቹ ጦርነት ይልቅ ደነቀን። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾች በትርፍ ሰዓታቸው እውነተኛ የሳይንስ ምስሎችን እየለዩ ተመራማሪዎችን የሚያግዙበት ሥራ በጨዋታው ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ የሰው ሕዋስ ፕሮቲኖችን፣ ቀጥሎ ከእኛ ፀሐይ ውጭ ያሉ ፕላኔቶችን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከኮቪድ ጋር የተያያዙ የደም ሕዋስ መረጃዎችን ለይተዋል። ልጁ ይህን ለባዮሎጂ መምህሩ ነግሮ አላመኑትም ነበር፤ ኋላ አሳያቸው።

እኛስ? ሁለተኛ የጭነት መርከብ ገዛን። በዚህ ጊዜ ዕቃውን ሦስት ቦታ ከፈልነው፤ አውቶፓይለትንም ረሳነው። ባለፈው ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ የመጀመሪያውን ጭነት ይዘን ተነሳን። ልጁ በራሱ ኮምፒዩተር፣ በትንሽ ፈጣን መርከብ አንድ በር ቀድሞን ይሄዳል። እናቱ በመካከላችን ተቀምጠው የቡና ጀበና ይዘዋል። ዩዳማ መግቢያ በር ላይ ስንደርስ ልጁ ከዚያኛው ወገን፣ «ይቁሙ ጋሼ» አለ። የስሞቹን ዝርዝር እያነበበ ነበር። ቆምን። አንደኛው ስኒ ተጠጣ። ሁለተኛው ተቀዳ። ሰዓታችንን አየን፤ ለመግሪብ 25 ደቂቃ ይቀራል፤ ጣቢያው ደግሞ ከኋላችን ቅርብ ነው።

«ይመለሱ እንዴ?» አሉ እናቱ።

«ትንሽ ይጠብቁ እማዬ፤ ሁለቱ ወጥተዋል፤ አንዱ ብቻ ነው የቀረው» አለ፣ ዓይኑን ከዝርዝሩ ሳያነሳ።

ከዚያ፣ «ሄደ። ይምጡ፣ አሁን ይምጡ» አለን።